ባለ ሁለት ሥሩ ጥርስ

ሠረገላው የመጨረሻውን ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላ የተጫነው የጀሶ ጥቅል ተንሸራቶ የእንጨቱን ግድግዳ ገጨው። ወንፊት በአንድ እጇ ወንድሟን፣ በሌላው እጇ የሱረት ቆርቆሮዋን ያዘች። የትኛውን ጠበቅ አድርጋ እንደያዘች ብትጠየቅ ለመመለስ ታፍር ነበር።

"ኧረ ቀስ በል፣ ወንድሜ" አለች ወደ ነጂው።

"ቀስ ካልኩ ጉባኤው ይበተናል፤ ከፈጠንኩ ዘንዶሽ ይሰበራል። አንዱን ምረጪ፣ እትዬ።"

ነጂውን ሰው ሁሉ ጅራፍ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ጅራፍ ስለማይዝ ነው፤ ፈረሶቹን የሚነዳው በምላሱ ነበርና በዚያች ምላስ የተሰደቡ ፈረሶች ቢመቱ ይሻላቸው እንደነበር ሰው ይቀልዳል። እሷም ብትሆን ወንፊት የተባለችው በክፋት አይደለም። ከድንጋይ ካባው ሥር ባለው ወንዝ ዳር ተቀምጣ ጭቃ ስታጥብና ስታጣራ፣ ከጭቃው ውስጥም ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ አጥንት ስትለቅም ስለምትውል ነው። መጀመሪያ ወንድሟ ጠራት፣ ከዚያ ካባ ፈላጮቹ፣ ከዚያ አገሩ።

ወንድሟ መምህር ነው። ደረቱ ከታመመ ወዲህ ማስተማሩን ትቶ ጊዜውን ሁሉ ለካባው ሰጥቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ነው። አሁንም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ፀሐይዋን ያያል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ያወጣል።

"ፀሐይዋን ብታያት አትቆምልህም፣ ጋሼ።"

"አንድ ጊዜ ቆማ ታውቃለች።"

"ለኢያሱ ነዋ። አንተ ኢያሱ ነህ?"

ፈገግ አለና ሳሉ ያዘው። እስኪያልፍለት ጠበቀችው።

ከኋላቸው በጀሶና በጆንያ ተጠቅልሎ የተኛው የባሕር ዘንዶ መንጋጋ ነው። እንደ ታንኳ የረዘመ፣ ጥርሱ እንደ ቢላ የተደረደረ ነው። ደረቅ መሬት ባሕር በነበረበት ዘመን ይዋኝ የነበረ አውሬ ነው ሲባል ከተማው ሁሉ ሊያየው ጓጉቷል። የከተማው የሊቃውንት ጉባኤም መምህሩን ለመስማት የፈቀደው ዘንዶውን ይዞ ይምጣ በማለት ነው። መምህሩ ግን ዘንዶውን የጫነው እንደ መግቢያ ጉቦ ነበር። ልቡ ያለው ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

በቆርቆሮው ጥጥ ላይ የተኛው ደግሞ ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማይረዝም መንጋጋ ነው። የተገኘው ዘንዶው ከወጣበት ከዚያው ንብርብር ነው። ሊቃውንቱ በዚያ ዘመን ምድር የእንሽላሊት ነበረች ይላሉ፤ ጠጉር ያለው፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ ፍጥረት ገና አልመጣም ይላሉ። መምህሩ መጥቶ ነበር ይላል። ምስክሩም ጥርሱ ነው። የእንሽላሊት ጥርስ እንደ ችካል በአንድ እግሩ ይቆማል፤ የአጥቢ እንስሳ የጉንጭ ጥርስ ግን እንደ ሱሪ ሁለት እግር አለው። በዚህች መንጋጋ ላይ የቀሩት ጥርሶች ሁለት ናቸው። አንዷን ወንፊት የአምናውን ክረምት ሙሉ በመርፌ አላቅቃ፣ ወጥታ እንድትገባ አድርጋታለች። መምህሩ ዛሬ በጉባኤው ፊት ነቅሎ ሁለት እግሯን ሊያሳያቸው ነው።

ይህ ለክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንፊት ወንድሟን ከነሳሉ ሠረገላ ላይ ባልጫነችው። ያ ንብርብር ድንጋይ ለኖራ የሚስማማ ነው። ኖራ አቃጣዮቹ ከካባው ፈልጠው ምድጃቸው ውስጥ መደርደር ጀምረዋል፤ ነገ በማለዳ ይለኩሱታል። መሬቱ የጉባኤው ነውና ጉባኤው ካዘዘ ይቆማል። የሚያዘው ግን ነገሩ ከተረጋገጠለት ነው። ከዛሬ በኋላ ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ አይሰበሰብም።

ከከተማው መግቢያ ኬላው ላይ ሰንሰለት ተወጥሮ ጠበቃቸው። ዘበኛው ቀበቶውን እያጠበቀ መጣና ጀሶውን በዱላው አንኳኳ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የባሕር ዘንዶ መንጋጋ" አለ ጅራፍ።

"እሺ።" እንደ እህል ጆንያ አልፎት ወደ ወንፊት ዞረ። "በእጅሽ ያለውስ?"

"አጥንት ነው።"

"በሱረት ቆርቆሮ?"

"ሌላ የሚመጥን ዕቃ አጥተን ነው፣ ወንድሜ።"

"እዚህ ያለ ቀረጥ የሚያልፍ ሱረት ሁሉ አጥንት ነው፣ ቅመም ነው፣ የእናቴ መድኃኒት ነው ይባላል።" እጁን ዘረጋ። "አምጪው።"

መምህሩ ሊከለክል ብድግ ሲል ሳሉ መልሶ አስቀመጠው። ዘበኛው ክዳኑን በጥፍሩ ፈልቅቆ ጥጡን ቆንጠጥ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የጥጡ ብናኝ አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ባዶ ነበር።

ወንፊት ከሠረገላው ወርዳ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ወንድሟ ከወዲያ በኩል ተንበረከከ። ኬላው ላይ የፈሰሰው ጠጠር ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ነው፤ ከመካከሉ ደግሞ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰው ብዙ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው የተጠራጠረውን ጠጠር ምላሱ ላይ ያደርጋል። ድንጋይ ምላስ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። የጥንት አጥንት ግን እርጥበት ስለሚጠጣ ምላስን ይዞ አይለቅም። እናም ሁለቱ ጠጠር እያነሱ መላስና መትፋት ጀመሩ።

ዘበኛው አፉን ከፍቶ አያቸው። "ምን እየሆኑ ነው?"

"ቁርስ ሳንበላ ነው የወጣነው" አለ ጅራፍ ከመቀመጫው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አፍሶ ያስለቀመስ ምን ይባላል?"

ዘበኛው አፍሮ ዱላውን ጣለና እሱም ጎንበስ አለ። "ምን ልፈልግ?"

"አንተ ምንም አትፈልግ፤ ባለህበት ቁም። እግርህን እንዳታነሣ" አለ መምህሩ።

መንጋጋዋን ያገኛት መምህሩ ነው፤ ከጎማው ሥር፣ ደኅና ሆና። አንዷ ጥርስ አለች። የተላቀቀችው ግን የለችም፤ በቦታዋ ትንንሽ ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። ወንፊት ከንፈሯ አፈር ለብሶ መልቀሙን ቀጠለች። እሷን ያየ የምትጸልይ ይመስለዋል፤ እውነትም በልቧ ትጸልይ ነበር። ብዙም አልጠየቀች፤ ያችን አንዷን ብቻ።

አንዷ ቅንጣት ምላሷን ያዘች።

አልተንቀሳቀሰችም። ምላሷን ወደ ላንቃዋ ቀስ አድርጋ አስነካቻት፤ ሁለት ስለት ወጋት። ሁለት እግር። ልታወጣት ጣቶቿን አነሣች።

"ወንፊት!" አለ ወንድሟ ከሠረገላው ማዶ።

"አቤት" አለች።

ታላቅ ሲጠራ ዝም አይባልም ተብላ ነው ያደገችው። ማሰብ የለበትም፤ ጆሮ ሲሰማ አፍ ይመልሳል። አፏ መልሶ ሲገጠም ምላሷ ላይ ምንም አልነበረም።

መምህሩ ዞሮ መጣ። "መንጋጋዋ እጄ ላይ ናት። ጥርሷን አየሻት?"

"አግኝቻት ነበር።"

"የታለች?"

"ዋጥኳት፣ ጋሼ።"

ወንድሟ የሰማውን ያልሰማ ይመስል ዓይኖቿን ተመለከተ፤ ከዚያ አፏን፤ ከዚያ ጉሮሮዋን።

"ግዴለም መምህር" አለ ጅራፍ። "የገባችበት ታውቋል። ነገ ጧት ትንሽ ብትታገሡ..."

"የምፈልጋት ዛሬ ነው" አለ መምህሩና ሠረገላው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ዘበኛው ሰንሰለቱን ጣለ። ፈረሶቹ የከተማውን ድንጋይ ንጣፍ ሲረግጡ ድምፃቸው ተለወጠ። ወንፊት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም አይሰማትም፤ ይህ ነው ይበልጥ የከበዳት። ስንት ሺህ ዘመን መሬት የጠበቀችውን እሷ በአንድ ቃል አጠፋችው።

"አመመሽ?" አላት ወንድሟ።

"አላመመኝም።"

"የጠራሁሽ እኔ ነኝ።"

"ሁልጊዜም ትጠራኛለህ። ተው ይህን አታንሣ።" ወደ እሱ ዞራ፣ "ኬላው ላይ ጠፋች ብንልስ?" አለች።

"ጠፍታለች?"

"አልጠፋችም። የት እንዳለች እናውቃለን።"

"እንግዲያማ የት እንዳለች እንናገራለና።"

ወንፊት ፊቷን አዙራ መንገዱን አየች። ይህ ሰው ቢያንስ በቀላሉ እንዲዋሽ ሆኖ ቢፈጠር ኖሮ ስትል አሰበችና ወዲያው በልቧ ይቅርታ ጠየቀች።

የጉባኤው ሕንፃ ደጃፍ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጀሶውን ሲያዩ ሠረገላውን ከበቡት፤ ሴቱም ወንዱም እጁን ይሰዳል። መምህሩና እህቱ በዚያ ግርግር መካከል ቆርቆሯቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ሲያልፉ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም።

አዳራሹ ውስጥ በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ፣ የናስ ደወል፣ የቀለም ብልቃጥና የማኅተም ሰም ተዘጋጅቷል። በመካከል ሊቀ ጉባኤው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ያጠለቁት የቅርስ ቤቱ አለቃ አሉ። መምህሩ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ጠጉራቸው ሸብቷል፣ የእሱም ጀምሯል። ወንፊት ከእንጨት አጥሩ ወዲህ፣ ሴቶች በሚቆሙበት ቆመች።

መምህሩ ነገሩን በአጭሩ ተናገረ፤ ደረቱ ለረጅም ንግግር አይሆንም። አለቃ አድምጠው ሲጨርሱ፣

"መልካም፣ ልጄ" አሉ። "አሁን ጥርሱን ነቅለህ አሳየን።"

"የምትነቀለዋ ጥርስ የለችም።"

"የት ሄደች?"

"እህቴ ሆድ ውስጥ ናት።"

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባና ጠረጴዛውን ዞረው። ሊቀ ጉባኤው ሳይቀሩ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የወንፊት ጆሮዋ ጋለ። አለቃ ብቻ አልሳቁም።

"ምን ያስቃል?" አሉ። "ከእናንተ መካከል በምላሱ ያልሞከረ ማነው? እኔ በጎልማሳነቴ የዓሣ አከርካሪ ውጬአለሁ። እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።" ወደ መምህሩ ዞሩ። "ይሁን እንጂ የተዋጠ ጥርስ ምስክር ሆኖ አይቆምም። ስጠኝ እስኪ።"

መንጋጋዋን ወስደው በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ጥርሷ በወጣችበት ሁለት ጉድጓድ አያለሁ። ሁለት የእንሽላሊት ጥርስ ጎን ለጎን ቆሞበት እንደሆነስ? ምን ትለኛለህ?"

ጥያቄው ትክክል ነበር።

"አንድ ጥርስ ቀርታለች" አሉ አለቃ። "እግሯ ግን አጥንቱ ውስጥ ተቀብሯል። ጎኑን ክፈትልኝና ልየው።"

"ከተሰበረችስ? ያለችን አንድ ናት።"

"አንድ በመሆኗ ነው የማላምነው።"

መምህሩ ፊቱ ነጣ። በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ ሌላ አይታወቅም። እጁን ወደ መርፌው ሰደደ፤ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ቀኝ እጁን በግራው ቢይዘው ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። ወደ አጥሩ ዞረ።

"ክቡርነትዎ፣ ይህን የምትሠራው እህቴ ናት። ትግባ።"

"ከአጥሩ ወዲህ ሴት ገብታ አታውቅም" አሉ ሊቀ ጉባኤው።

"ጥርሷ ግን በሆዷ ሆና ገብታለች" አሉ አለቃና ተነሥተው መዝጊያውን በራሳቸው እጅ ከፈቱት። "ነይ፣ ልጄ።"

ወንፊት ገባች፤ ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠችም። ወንድሟን በሹክሹክታ፣ "አንዷን አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ሌላዋንም በእጄ አታስጠፋኝ" አለችው።

"ካልከፈትሻት ነገ ዘመዶቿ ሁሉ ኖራ ናቸው።"

ተቀመጠች።

ሰም በእጇ አሙቃ አለሰለሰችና መንጋጋዋን ግማሽ ጎኗን ቀበረቻት። አጉሊ መነጽሩን በመቆሚያው ላይ አስተካከለች። እጀታው እንጨት የሆነውን መርፌዋን ይዛ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። በልቧ ያለችውን ማንም አልሰማም፤ አጭር ነበር። ከዚያ ጀመረች። መርፌዋን አትገፋም፤ አጥንቱ ላይ አሳርፋ ታዞረዋለች፣ ብናኙን በእርጥብ ብሩሽ ታነሣለች፣ እንደገና ታዞራለች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየተንቋቋ፣ ጉሮሮ እየተጠረገ፣ ከውጭ የሕዝቡ ጫጫታ በመስኮት እየገባ፣ እሷ አንድ ነገር ብቻ ታያለች፤ ቡናማው አጥንት ስሶ ከሥሩ ጠቆር ያለ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲመጣ።

"አንድ እግር" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አንዱንማ እንሽላሊትም አለው" አሉ አለቃ፤ እሳቸውም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

መርፌዋን ወደ ኋላ ወሰደች። ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ጥፍር ሲቆረጥ እንደሚሰማው ያለ። መንጋጋዋ ባዶ ጉድጓዶቿ በነበሩበት በኩል ለሁለት ተሰነጠቀች።

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ከጠረጴዛው ጫፍ አንዱ ኮፍያውን ለመውጣት አነሣ። ወንፊት መርፌዋን አልጣለችም። እጇን ከጠረጴዛው አንሥታ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ እስትንፋሷ እስኪረጋ ሰሙን ብቻ አየች። ጥርሷ ያለችበት ስባሪ አልተነቃነቀም። በብሩሹ አረጠበችውና ከቆመችበት ቀጠለች፤ ማዞር፣ ማንሣት፣ ማዞር።

ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ቦታውን ለአለቃ ለቀቀች።

አለቃ ጓንታቸውን አወለቁ። በመነጽሩ አዩ፤ ቀና አሉ፤ የመነጽሩን መስተዋት በእጀ ጠባባቸው ወልውለው እንደገና አዩ። ሰሙን ወደ መስኮቱ አዙረው ከዚያም ወገን አዩ። ይህ ሁሉ ሲሆን መምህሩ ዓይኑን አልገለጠም።

"አንድ አናት፣ ሁለት እግር" አሉ በመጨረሻ። "ክቡርነትዎ፣ ይህ እንሽላሊት አይደለም። እናቱን የጠባ ነው። እስከ ዛሬ የተከራከርኩት ስህተት ነበር፤ ይጻፍልኝ።" ወደ መምህሩ ሄደው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። "ግለጥና እይ፣ አንተ ልጅ።"

ወንፊት ግን ጊዜ አልሰጠችም፤ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ተሻግራለች። "ትእዛዙስ?" አለች፤ በዚያ አዳራሽ ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም። "ኖራው ነገ በማለዳ ይለኮሳል።"

ሊቀ ጉባኤው ጸሐፊውን ጠሩ። ጸሐፊው ዘንዶ ሊያይ ወጥቷል። ቢፈለግ የለም፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሊቀ ጉባኤው አጉረምርመው ብዕሩን ራሳቸው ነከሩ። ሰሙን ሲያቀልጡ፣ ማኅተሙን ሲፈልጉ፣ ሲያጡት፣ ከወረቀት ሥር ሲያገኙት ወንፊት በእግሯ መሬቱን ትመታ ነበር።

"ማን ያደርሰው?"

መምህሩ ለመነሣት ሞከረ። ሳሉ መጣበት፤ በዚህኛው ጊዜ መሐረቡን ከአፉ ሲያነሣ በጡጫው ጨብጦ ደበቀው። እህቱ ግን የደሙን ነጥብ አየችው። እሱም እንዳየች አወቀ።

"እሷ ትሂድ" አለ። "እኔ አለቃ ዘንድ አድራለሁ።"

"ጋሼ..."

"መንገዱን ሁለተኛ አልችለውም፣ እህት ዓለም። ድንጋዩ ግን አይጠብቀኝም።"

ጉልበቱን ስማ ወጣች። ምን ልትል እንደነበር ራሷም አታውቀውም።

ጅራፍ ጀሶውን አራግፎ ባዶውን ጠበቃት። ሲመለሱ ፈረሶቹን ያልሰደበበት ቃል አልቀረም። የኬላው ዘበኛ ከሩቅ አይቷት ሰንሰለቱን ሳትደርስ አወረደው። ከዳገቱ አናት ላይ ወንፊት ተነሥታ በካባው አቅጣጫ ጭስ ፈለገች፤ ጭስ አልነበረም፤ ግን ዳመና ነበርና እርግጠኛ አልሆነችም። እስኪደርሱ አልተቀመጠችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ምድጃው እስከ አፉ ተደርድሮ፣ ማገዶው ከሥሩ ተሰግስጎ ተዘጋጅቷል። የኖራው አለቃ፣ ቅንድቡ ድረስ ኖራ የለበሰ ግዙፍ ሰው፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"አትለኩስ ካሉኝ አልለኩስም" አለ። "ድንጋዩን ግን ማን ያወጣዋል? የኔ ሰዎች ለመደርደር ነው የመጡት። ሊዘንብ ነው፤ ውሃ ከገባበት ደግሞ ንብርብሩ ድንጋይ ተላልጦ ፈርሶ ጭቃ ይሆናል።"

"እኔ አወጣዋለሁ።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ በምድጃው አፍ ገባች። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከበዳት፤ ጅራፍ ወርዶ በሌላው ጫፍ ያዘላት። አወጡትና ወደ ቀረው ብርሃን አዘነበሉት። ምንም የለውም፤ ወደ ግራ አኖሩት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ አንድ ቡናማ ነገር ብልጭ አለባትና ለብቻው አስቀመጠችው። ነፋሱ ዝናብ ዝናብ ይሸት ጀመር። ተመልሳ ገባች፤ ጉልበቷ ተልጧል፤ ፀጉሯ እንደ አሮጊት ነጥቷል።

የኖራው አለቃ ክንዱን አጣምሮ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ።

"ለመሆኑ የምትፈልጊው ምን ያህላል?" አለ በመጨረሻ።

ወንፊት ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ጥፍሯን አሳየችው።

ሰውየው ጥፍሯን አየ፤ ምድጃውን አየ፤ የመጣውን ዳመና ደግሞ አየ። ከዚያ ቁና ቁና ተንፍሶ እጀ ጠባቡን ወደ ላይ ሰበሰበና፣ "በሉ፣ በሉ፣ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ" ብሎ ሰዎቹን ተቆጥቶ አጎንብሶ ገባ።